የእንግሊዝኛ ማስተማር ጥናት ፕሮፖዛል ሲገመገም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር ላይ የሚቀርቡ የጥናት ፕሮፖዛሎችን ለሚገመግሙ መምህራን፣ ለአማካሪዎችና ፕሮፖዛላቸው በምን ዓይን እንደሚታይ ማወቅ ለሚፈልጉ የማስተርስ ተማሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ ከስድስት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ሁኔታ ጋር ተገናዝበው የተጻፉ ናቸው።

ፕሮፖዛሉ እጄ ሲገባ ንባቡን ከየት ልጀምር?

ከመጀመሪያው ገጽ አይጀምሩ። ርዕሱንና የምርምር ጥያቄዎቹን ያንብቡና በቀጥታ ወደ መረጃ ትንተናው ክፍል ይሂዱ። ከዚያ ወደ መረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያዎቹ፣ በመጨረሻም ወደ ጥናቱ መነሻ ችግር ይመለሱ። ዳራውን አስቀድሞ ያነበበ ገምጋሚ በጽሑፉ ፍሰት ይወሰድና ጥያቄና ዘዴ የማይገናኙበትን ቦታ ሳያይ ያልፋል።

ሲያነቡ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ያስምሩ፦ የምርምር ጥያቄ፣ ጥያቄውን ለመመለስ የሚያስፈልገው መረጃ፣ መረጃው የሚሰበሰብበት መሣሪያ፣ መረጃው የሚተነተንበት ዘዴ። እያንዳንዱን ጥያቄ በየረድፉ ይሙሉ። ባዶ የቀረ ወይም የማይገጥም ሳጥን ካለ ዋናውን አስተያየትዎን አገኙ ማለት ነው። ለምሳሌ ጥያቄው «መምህራን የመናገር ክሂልን እንዴት ያስተምራሉ?» የሚል ሆኖ መሣሪያው የመምህራን መጠይቅ ብቻ ከሆነ፣ አጥኚው ተማሪ የሚያገኘው መምህራን «እንዲህ እናስተምራለን» የሚሉትን ነው። በክፍል ውስጥ የሚሆነውን ለማወቅ ምልከታ ያስፈልጋል። ያለዚያ ጥያቄው ራሱ ወደ መምህራን አመለካከት መለወጥ አለበት። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የተማሪው ፋንታ ነው፤ ሁለቱም መንገድ ክፍት መሆኑን መንገር ግን የገምጋሚው ሥራ ነው።

«በዚህ ትምህርት ቤት እስካሁን አልተጠናም» የሚለው በቂ ክፍተት ነው?

አይደለም። በብዙ ፕሮፖዛሎች የመነሻ ችግሩ ክፍል አንድ ዓይነት መንገድ ይከተላል፦ የተማሪዎች እንግሊዝኛ ደካማ ነው፣ እከሌ በሌላ ከተማ አጥንቷል፣ እከሊት ስለ ሌላ ክሂል አጥንታለች፣ በዚህ ትምህርት ቤት ግን ማንም አላጠናም፣ ስለዚህ እኔ አጠናለሁ። በአንድ ትምህርት ቤት አለመጠናቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በዚያ ትምህርት ቤት ውጤቱ ለምን ሊለይ እንደሚችል መነገር አለበት።

የአዲስ አበባ ሁኔታ ለዚህ በቂ ቁም ነገር ይሰጣል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበብ የተቸገረ ተማሪ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም ያጣል። በሌላ በኩል ተማሪው በታክሲ፣ በሰፈርና በዕረፍት ሰዓት የሚናገረው በአብዛኛው አማርኛ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ጋር የሚገናኘው በስልክና በቴሌቪዥን ሲሆን ያውም በማዳመጥ እንጂ በመናገር አይደለም። እንግሊዝኛ በየመንገዱ ከሚነገርበት አገር የተገኘ ግኝት እዚህ ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ እውነተኛ ክፍተት ነው። እንዲህ የሚል ፕሮፖዛል ሲያገኙ ያበረታቱት።

ጠንካራ የመነሻ ችግር የራሱ ማስረጃም አለው። አጥኚው ሁለት ክፍለ ጊዜ ተገኝቶ ተመልክቶ፣ ወይም ሃያ የሚሆኑ የተማሪ ጽሑፎችን ሰብስቦ የስህተቱን ዓይነት ቆጥሮ ከመጣ፣ ከአሥር ገጽ ጥቅስ የበለጠ ያሳምናል።

የፍትነት ጥናት ፕሮፖዛል ሲቀርብ በተለይ ምን ልፈትሽ?

የፍትነት ጥናት አዲስ ዘዴ የሚሞከርበትን ቡድን (የሙከራ ቡድን) ዘዴው ካልተሰጠው ቡድን (የቁጥጥር ቡድን) ጋር የሚያወዳድር ጥናት ነው። አንድ የተለመደ ርዕስ እንውሰድ፦ «በትብብር መጻፍ በ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጻፍ ክሂል ላይ ያለው ተጽዕኖ»። ርዕሱ ንጹሕ ይመስላል። ችግሩ የሚወጣው ዝርዝሩ ሲታይ ነው።

መጀመሪያ፣ የመጻፍ ክሂል የተባለው ምንድን ነው? አንቀጽ ነው ወይስ አከራካሪ ድርሰት? በስንት ደቂቃ፣ በስንት ቃል? ማረሚያ መስፈርቱ ስንት ነጥቦች አሉት? ይህ ካልተጻፈ ቅድመ ፈተናውና ድኅረ ፈተናው አንድ ነገር መለካታቸው አይታወቅም። ቅድመ ፈተናው ስለ ቤተሰብ ቢያስጽፍና ድኅረ ፈተናው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ቢያስጽፍ፣ የውጤቱ ልዩነት ከርዕሱ ክብደት ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት ርዕሶችን አዘጋጅቶ የየቡድኑ ግማሽ በአንደኛው፣ ግማሹ በሁለተኛው እንዲጀምር፣ በድኅረ ፈተናው ደግሞ እንዲለዋወጡ ማድረግ።

ሁለተኛ፣ የቁጥጥር ቡድኑ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ብዙ ፕሮፖዛል ይወድቃል። የሙከራ ቡድኑ ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ በጋራ ይጽፋል፤ የቁጥጥር ቡድኑ «በተለመደው ዘዴ ይማራል» ተብሎ ይታለፋል። በተለመደው ዘዴ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ አንድም ድርሰት ላይጻፍ ይችላል። በመጨረሻ የሙከራ ቡድኑ ቢበልጥ የበለጠው ስለ ተባበረ ነው ወይስ ስለ ጻፈ? መለየት አይቻልም። የቁጥጥር ቡድኑ ተመሳሳይ ርዕሶችን፣ በተመሳሳይ ቁጥር፣ በተመሳሳይ ጊዜ በግል መጻፍ አለበት። ግብረ መልሱም እኩል ይሁን። ልዩነቱ ትብብሩ ብቻ ሲሆን ነው ጥናቱ የርዕሱን ጥያቄ የሚመልሰው።

ሦስተኛ፣ ማን ያስተምራል? አጥኚው የሙከራውን፣ የትምህርት ቤቱ መምህር የቁጥጥሩን ቡድን ቢያስተምሩ የምንለካው የመምህሮቹን ልዩነት ጭምር ነው። አንድ መምህር ሁለቱንም ቢያስተምር ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ ግን ዘዴው ወደ ቁጥጥር ቡድኑ እንዳይሾልክ የየክፍለ ጊዜው የትምህርት ዕቅድ ከፕሮፖዛሉ ጋር ተያይዞ መቅረብ ይኖርበታል።

አራተኛ፣ የሥልጠናው ጊዜ። «ለስድስት ሳምንት» ማለት አይበቃም። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢሆን በስድስት ሳምንት 480 ደቂቃ ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። ስም ጠርቶ ለማረጋጋትና ቡድን ለመመሥረት የሚባክነው ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። በ8 ሰዓት የአጠቃላይ የመጻፍ ክሂል ለውጥ ይታያል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል፤ የአንቀጽ አደረጃጀት ወይም የአያያዥ ቃላት አጠቃቀም ለውጥ ግን ሊታይ ይችላል። ገምጋሚው ይህን ስሌት ራሱ ቢሠራው ጥሩ ነው።

አምስተኛ፣ እርማቱ። ወረቀቶቹ ስማቸው ተሸፍኖ፣ ኮድ ተሰጥቷቸው፣ የቅድመና የድኅረ፣ የሙከራና የቁጥጥር ወረቀቶች ተደባልቀው ለሁለት አራሚዎች መሰጠት አለባቸው። አራሚው የትኛው ወረቀት ከየት እንደመጣ ካወቀ ሳያስበው ውጤቱን ያዘነብላል። የሁለቱ አራሚዎች ስምምነት እንዴት እንደሚሰላ፣ በሰፊው ሲለያዩ ሦስተኛ ሰው ይገባ እንደሆነም መጻፍ አለበት።

በትምህርት ቤት ተማሪዎችን በዕጣ መድቦ ቡድን መሥራት ስለማይቻል፣ ንድፉ በአብዛኛው ከፊል ፍትነታዊ ነው። እንዲህ ከሆነ ቡድኖቹ ሲጀመር እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ የድኅረ ፈተናውን አማካይ በቲ ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ በሚያወዳድር ስሌት) ማወዳደር ብቻ አያዋጣም፤ ቅድመ ፈተናውን ከግምት የሚያስገባ ትንተና፣ ለምሳሌ አንኮቫ፣ ይጠየቃል። በየቡድኑ አንድ ሴክሽን ብቻ ካለ ደግሞ በዚያ ሴክሽን የደረሰ ማንኛውም ነገር ከዘዴው ጋር ይደባለቃል። ቢቻል ለየቡድኑ ሁለት ሴክሽን ይሁን፤ ካልተቻለ ይህ በጥናቱ ውስንነት ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የናሙናው መጠን በቂ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ብዙ አጥኚ ተማሪዎች የናሙና መጠን የሚሰላበትን የያማኔን ቀመር ያቀርባሉ፤ ጠቅላላውን ሕዝብ፣ ለ1 ሲደመር ጠቅላላው ሕዝብ በስህተት ኅዳጉ ስኩዌር ተባዝቶ፣ ማካፈል። 1,200 ተማሪ ላለበት ትምህርት ቤት ከ0.05 ስህተት ኅዳግ ጋር ስሌቱ 1,200 ለ4፣ ማለትም 300 ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው። ጥያቄው ለቦታው መግጠሙ ነው። ይህ ቀመር ለዳሰሳ ጥናት፣ ያውም እያንዳንዱ ተማሪ በተናጠል በዕጣ ሲመረጥ ነው የሚሠራው። ለፍትነት ጥናትም ለቃለ መጠይቅም አይሆንም።

300ዎቹ ከየት እንደሚመጡም ይጠይቁ። በየሴክሽኑ 50 ተማሪ ቢኖር ትምህርት ቤቱ 24 ሴክሽን አለው። አጥኚው ስድስት ሴክሽን መርጦ ሁሉንም ቢያስሞላ 300 ይሞላል፤ ግን የአንድ ሴክሽን ልጆች አንድ መምህር ስላላቸው መልሳቸው ይመሳሰላል። የውስጠ ቡድን ትስስሩ (የአንድ ሴክሽን ልጆች መልስ የሚመሳሰልበት መጠን) 0.1 ቢሆን፣ የንድፍ ተጽዕኖው (በዚህ መመሳሰል ምክንያት ናሙናው የሚካፈልበት ቁጥር) 1 ሲደመር 49 ጊዜ 0.1፣ ማለትም 5.9 ነው። 300ው ለ5.9 ሲካፈል 51 አካባቢ ይሆናል። ሦስት መቶ መጠይቅ ተሞልቶ የተገኘው የሃምሳ አንድ ሰው ያህል መረጃ ነው ማለት ነው። ያንኑ 300 ከ24ቱም ሴክሽን፣ ከእያንዳንዱ 12 ወይም 13 ተማሪ በዕጣ ቢወስድ የንድፍ ተጽዕኖው ወደ 2.15 ይወርድና መረጃው ወደ 140 ሰው ያህል ከፍ ይላል። ወጪው አንድ ነው፤ የሚጨምረው የየሴክሽኑን በር ማንኳኳት ነው።

ለፍትነት ጥናት ሁለት ቡድን ሲወዳደር፣ መካከለኛ የሚባል ልዩነት (በመደበኛ ልይይት ሲለካ 0.5) በ0.05 የጉልህነት ደረጃና በ80 በመቶ የመለየት ኃይል ለማየት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ልዩነቱ ትልቅ (0.8) ነው ተብሎ ከተጠበቀ 26 ይበቃል። ይህም ሰዎቹ በተናጠል በዕጣ ተመድበው ከሆነ ነው። በየቡድኑ 25 ተማሪ ይዞ «ትንሽ ለውጥ አያለሁ» የሚል ፕሮፖዛል ለውጡ ቢኖርም ላያየው ይችላል።

መጠይቁ በእንግሊዝኛ ቢሆን ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። እንግሊዝኛው የደከመ ተማሪ ጥያቄውን ሳይረዳ መሐል ላይ ያለውን ቁጥር ይከብባል። እናም ስለ ፍላጎቱ ወይም ስለ ጭንቀቱ የተጠየቀው ሁሉ የማንበብ ፈተና ይሆንበታል። በጥናቱ በጣም የሚፈለጉት ደካማ ተማሪዎች ናቸው፤ መልሳቸው የሚበላሸውም የእነሱ ነው። የተማሪዎች መጠይቅ በሚረዱት ቋንቋ ይዘጋጅ። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉም፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልስ፣ ሁለቱ ይነጻጸሩ። በከተማዋ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም ስላሉ የትርጉሙ ቋንቋ ከተጠኚዎቹ አንጻር ይወሰን።

መጠይቁ አስቀድሞ የሚፈተሽበት የሙከራ ጥናት በዋናው ጥናት በማይካተቱ 30 ያህል ተማሪዎች ላይ ሊደረግ ይችላል። ክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳይ ቁጥር) ከ0.70 በላይ ይሁን የሚለው ልማድ ለየንዑስ ክፍሉ እንጂ ለመጠይቁ በሙሉ አይደለም፤ ስለ ፍላጎት፣ ስለ ጭንቀትና ስለ መምህር የሚጠይቁ ጥያቄዎችን ደባልቆ አንድ አልፋ ማስላት ትርጉም የለውም። 0.95 ሲያልፍም አይደሰቱ፤ አንድ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ተደጋግሟል ማለት ሊሆን ይችላል። አልፋ ከፍ ማለቱ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ ትክክለኛውን ነገር መለካታቸውን አያሳይም።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያንብቡ። «መምህሬ የቡድን ሥራ ይሰጠናል፤ ግብረ መልስም ይሰጠናል» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። ሁሉም ዐረፍተ ነገሮች በአዎንታ ከተጻፉ ደግሞ ሳያነቡ «እስማማለሁ» እያሉ የሚወርዱትን መለየት አይቻልም።

ምልከታስ ስንት ጊዜ ይበቃል?

አንድ መምህርን አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም። መምህሩ እንግዳ እንደሚመጣ ሲያውቅ ያንን ቀን ለይቶ ይዘጋጃል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይታይ፤ የመጀመሪያው ለመለማመጃ ይቆጠርና ከትንተናው ይውጣ። የምልከታ ቅጹ «አለ / የለም» ብቻ ከሆነ የቡድን ሥራ ለ3 ደቂቃ የሰጠና ለ30 ደቂቃ የሰጠ መምህር እኩል ይሆናሉ። ጊዜ የሚመዘግብ ቅጽ ይጠይቁ።

የተዛማጅ ጽሑፎችን ክለሳ ሳነብ ጊዜ የሚቆጥብ መንገድ አለ?

ከዋቢ ጽሑፎቹ አምስቱን ያለ ምርጫ ያውጡና መኖራቸውን ይፈትሹ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ክለሳ እውነተኛ የሚመስሉ፣ ግን የሌሉ ጽሑፎችን ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንዱ እንኳ ከሌለ ተማሪው ሁሉንም ዋቢዎች እንዲያረጋግጥ ይመልሱለት። ቀጥሎ በአገር ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን ማየቱን ይመልከቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ማኅደር በነጻ ይገኛሉ፤ በስድስት ኪሎ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም መጠየቅ ይቻላል። በቅርብ ያለውን ሳያዩ ከሩቅ ብቻ መጥቀስ የክፍተቱን ክርክር ያፈርሰዋል።

ክለሳው «እከሌ እንዲህ አለ፣ እከሊት እንዲህ አለች» እያለ የሚደረድር ከሆነ ግኝቶቹ የት እንደሚስማሙና የት እንደሚለያዩ እንዲያሳይ ይጠይቁ።

የጊዜ ሰሌዳው ሊሠራ የሚችል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከትምህርት ቤቱ ካሌንደር ጋር ያስተያዩት። መስከረም በምዝገባና በሴክሽን ድልድል ያልፋል፤ ለመረጃ መሰብሰብ አይሆንም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ጥሩ ነው። ከዚያ ገና (ታኅሣሥ 29)፣ ጥምቀት (ጥር 11)፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተናና ዕረፍት ይከታተላሉ። ሁለተኛው ምቹ ጊዜ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ነው፤ በመሐሉ የትንሣኤ በዓል የሚውልበት ሳምንት ይቀነስ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለፍትነት መምረጥ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ሐሳባቸው በብሔራዊ ፈተናው ላይ ነው፤ መምህራኑም ክፍለ ጊዜ ማጣት አይፈልጉም።

ፈቃድም ጊዜ ይወስዳል። ከዲፓርትመንቱ የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ ወደ ትምህርት ቢሮ ወይም ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ርዕሰ መምህሩ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ሁለት ሳምንት ያልያዘ ሰሌዳ ገና ሲጀመር ይዘገያል።

በመሐል ከተማ ጥናት የሚያደርግ ሰው የተማሪ መቀነስንም ያስላ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አካባቢ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። ርቀት ያስቸገረው ተማሪ ያረፍዳል፣ ይቀራል ወይም ትምህርት ቤት ይቀይራል። ቅድመ ፈተናውን ወስዶ ድኅረ ፈተናውን ያልወሰደ ተማሪ ከትንተናው ሊወጣ ስለሚችል፣ ከሚፈለገው በላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ተጨማሪ ተማሪ ቢያዝ ይሻላል።

በሥነ ምግባር በኩል የማላልፈው ምንድን ነው?

ከ18 ዓመት በታች ላለ ተማሪ የወላጅ ፈቃድና የተማሪው የራሱ ስምምነት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ እነዚህን አይተካም። አጥኚው የራሱን ተማሪዎች የሚያጠና ከሆነ መሳተፍም ሆነ አለመሳተፍ በውጤታቸው ላይ ምንም እንደማያመጣ በጽሑፍ ይገለጽላቸው፤ መጠይቁንም ሌላ ሰው ያስሞላ። ዘዴው ጠቃሚ ሆኖ ከተገኘ የቁጥጥር ቡድኑ ከጥናቱ በኋላ ያንኑ ትምህርት እንዲያገኝ ማቀድም ተገቢ ነው። ይህን የሚዘነጉ ፕሮፖዛሎች ብዙ ናቸው።

በጀቱን ምን ያህል ልመርምር?

ቁጥሮቹ ከዘዴው ጋር መስማማታቸውን ብቻ። ባለ 6 ገጽ መጠይቅ ለ300 ሰው 1,800 ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። በሰነዱ 500 ገጽ ከተጻፈ አንዱ ተሳስቷል። የሁለተኛው አራሚ ክፍያ መረሳቱንም ይመልከቱ።

የጽሑፉ እንግሊዝኛ ደካማ ከሆነ ልጣለው?

በዚህ ብቻ አይጣሉት። ተቋሙ የራሱ የመገምገሚያ ቅጽ ካለው በእሱ ይሥሩ። ከሌለው ከ100 እንዲህ ቢከፋፈል እንመክራለን፦ መነሻ ችግርና የምርምር ጥያቄዎች 25፣ የጥናት ዘዴ 40፣ ክለሳ 15፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ በጀትና ሥነ ምግባር 15፣ ቋንቋና አቀራረብ 5። ዘዴው ብዙ ነጥብ የያዘው መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሊታረም ስለማይችል ነው፤ ሰዋስው ግን እስከ መጨረሻው ረቂቅ ድረስ ይታረማል። ቋንቋው ሐሳቡን እስኪጋርደው ድረስ ከደከመ ግን ውጤት ሳይሰጡ ለማስተካከል ይመልሱት።

አስተያየቴን እንዴት ልጻፍ?

«ዘዴው ግልጽ አይደለም» ወይም «ናሙናው ይሻሻል» የሚል አስተያየት ተማሪውን ወደ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ይልከውና ሳምንት ያባክንበታል። ገጹን፣ ችግሩን፣ ምክንያቱንና ቢያንስ አንድ መውጫ መንገድ ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «ገጽ 14፣ የቁጥጥር ቡድኑ በስምንቱ ሳምንት ምን እንደሚጽፍ አልተገለጸም። ምንም ካልጻፈ የልዩነቱ ምክንያት ልምምድ ሊሆን ይችላል። ተመሳሳዮቹን ስምንት ርዕሶች በግል እንዲጽፉ ቢደረግ ጥያቄ ቁጥር 1 ይመለሳል።»

ከአምስት በላይ ዋና አስተያየት አይስጡ። ሠላሳ አስተያየት የደረሰው ተማሪ የሚጀምረው ከቀላሎቹ፣ ከነጠላ ሰረዝና ከኅዳግ ስፋት ነው። ጥቃቅኖቹን ለብቻ በሌላ ገጽ ይለዩ። ውሳኔውንም በግልጽ ያስቀምጡ፦ እንዳለ ያልፋል፣ በጥቃቅን ማሻሻያ ያልፋል፣ ተሻሽሎ እንደገና ይቀርባል፣ ወይም አያልፍም። የምርምር ጥያቄ ወይም ንድፍ የሚቀየር ከሆነ «ጥቃቅን ማሻሻያ» አይበሉት።

የተሻሻለው ፕሮፖዛል ሲመለስ ሁሉንም እንደገና ማንበብ አለብኝ?

አያስፈልግም። ተማሪው ሦስት ዓምድ ያለው የምላሽ ሰንጠረዥ አያይዞ እንዲያመጣ አስቀድመው ይንገሩት፦ የገምጋሚው አስተያየት፣ የተደረገው ማሻሻያ፣ የሚገኝበት ገጽ። ያልተቀበለው አስተያየት ካለ ምክንያቱን እዚያው ይጻፍ፤ በቂ ምክንያት ካቀረበ ይቀበሉት። እርስዎ የሚያነቡት የተቀየሩትን ገጾችና እነሱ የሚነኳቸውን ነው። የምርምር ጥያቄ ከተቀየረ መጠይቁና የትንተናው ክፍል አብረው መቀየራቸውን ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው መጠይቅ እንዳለ ተያይዞ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።